የጎንደር የሕክምና ምርምር፦ ከደምቢያ ሜዳ እስከ መተማ ቆላ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በደቡብ ምዕራብ የደምቢያ ሜዳ እስከ ጣና ዳር ተዘርግቷል፤ በምዕራብ መሬቱ በጭልጋ በኩል እየቆለቆለ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እስከሚገኘው መተማ ይወርዳል፤ በሰሜን ደግሞ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣል። ደገኛው ወደ ቆላ የሚወርደው እንጀራ ፍለጋ ነው፤ ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ ሕመም ይዞ ይመለሳል። ወባን ንዳድ ይሉት በነበረበት ዘመን ቆላ መውረድ እንደ ዘመቻ የሚፈራ ነገር ነበር። በከተማዪቱ ሰባ ዓመት ያስቆጠረው ዘመናዊ የሕክምና ምርምር የተወለደውም ሆነ እስካሁን ጠንክሮ የቆየው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው።

ሕክምናና መድኃኒት በጎንደር ከዚህም የቆየ ታሪክ አላቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ዣክ ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር የገባው አፄ አድያም ሰገድ ኢያሱን ለማከም ተጠርቶ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ በፈንጣጣ የተያዙ የቤተ መንግሥት ልጆችን አክሟል፤ የአገሩ ሰው ኮሶን ለሆድ ትል እንዴት እንደሚጠቀምበትም ጽፎ ለአውሮፓ አስተዋውቋል። ከእነዚህ እንግዶች በፊትም በኋላም የዕፅ ዕውቀት በደብተራዎችና በመድኃኒት ዐዋቂዎች እጅ፣ በብራና ላይ በሰፈረ የመድኃኒት መጽሐፍ ተጠብቆ ኖሯል። ዕውቀቱ ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ በምሥጢር የሚተላለፍ በመሆኑ ግን አንዱ ያገኘውን ሌላው ፈትሾ የሚያርምበት ዕድል ጠባብ ነበር።

የኮሌጁ አመሠራረት

በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ የገባው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ይህ እልቂት በአገሪቱ ሐኪም የሚባል ሰው በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ የደረሰ በመሆኑ፣ በከተማ ሆስፒታል ተቀምጦ ሕመምተኛ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ገጠር የሚወርድ ባለሙያ የማሠልጠንን ሐሳብ አጠናከረ። በ1947 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የልማት ትብብር ጋር ሆኖ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከልን ከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ያሠለጥን ነበር። ወረርሽኙ በዚያ አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የአገሪቱን ከፍተኛ ቦታዎች የመታው ወባ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል።

ከኮሌጁ ሁሉ ዘላቂ ሆኖ የቀረው ነገር ጎንደሬዎች እስከ ዛሬ «ቲቲፒ» እያሉ የሚጠሩት የቡድን ሥልጠና ነው። የተለያየ ሙያ የሚማሩ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተደራጅተው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ በደምቢያ የሚገኘው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ከመጀመሪያዎቹ የሥልጠና ቦታዎች አንዱ ነበር። ተማሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ይቆጥራሉ፣ የምንጩን ውኃ ይመረምራሉ፣ የልጆችን ሰገራ በማይክሮስኮፕ ያያሉ፣ ያገኙትንም ለቀበሌው ሰው መልሰው ይናገራሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከኋላ የመጣው ምርምር ሁሉ መሠረቱ ይህ ልማድ ነው፤ ሐኪሙ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውና የማኅበረሰብ ጤና ባለሙያው አንድ ጥያቄ ይዘው አንድ ሰፈር ውስጥ መዋላቸው ብዙ ገንዘብ ያላቸው ተቋማት እንኳ በቀላሉ የማያገኙት ነገር ነው።

ኮሌጁ ከጊዜ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሐኪሞች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ቀጥሎም ራሱን የቻለ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2004 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስያሜ ያዘ። ሪፈራል ሆስፒታሉ ከኮሌጁ ጋር በአንድ ግቢ መሆኑ ለምርምሩ ትልቅ ዕድል ነው፤ ጠዋት በዋርድ የተነሣ ጥያቄ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ሊደርስ ይችላል።

ካላዛር

ጎንደር በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ስሟ በብዛት የሚነሣበት በሽታ ካላዛር ነው። በሽታውን የሚያመጣው ሌይሽማንያ ዶኖቫኒ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ዝንቧ በመተማና በሁመራ ዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች። ለሰሊጥና ለማሽላ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ወጣት ሌሊቱን ሜዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ያለ አጎበር ስለሚያድር ዋነኛው ተጠቂ እሱ ነው። ትኩሳቱ ለሳምንታት ይመላለስበታል፤ ሰውነቱ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ይሞላል። ሳይታከም ከቀረ በአብዛኛው ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 በሽታው ባልተጠበቀ ቦታ ማለትም በሊቦ ከምከም ወረዳ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው መንደሮች ተነሣ። በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነበር ካላዛር መሆኑ የታወቀው፤ በኋላም በአዲስ ዘመን ከተማ በተከፈተው ሕክምና ከ2,000 በላይ ሕመምተኞች ታክመዋል። በሽታውን ወደዚያ ያመጡት ከሁመራ ቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ይታመናል። ከዚያ ወዲህ «ካላዛር የቆላ በሽታ ነው» የሚለው አባባል ብቻውን በቂ አልሆነም፤ በደጋ የሚሠራ ሐኪምም ትኩሳቱ የቆየ ሰው ሲመጣበት ጣፊያውን መዳሰስ ግድ ሆነበት።

በጎንደር ሆስፒታል የሚገኘው የሌይሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማእከል ሥራ በቅርብ ሲታይ ምርምርና ሕክምና ምን ያህል እንደተጣመሩ ግልጽ ይሆናል። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ በምሥራቅ አፍሪካ እንደ ሕንድ አስተማማኝ ስላልሆነና አንድ ጊዜ ታክሞ የዳነውን ሰው በሽታው እንደገና ሲያገረሽበት ለይቶ ስለማያሳይ፣ ባጠራጠረ ጊዜ ናሙናው በቀጭን መርፌ ከጣፊያ ይወሰዳል። አስቀድሞ የደም መርጋት አቅም ይለካል። ሕመምተኛው ትንፋሹን እንዲይዝ ይነገረዋል፣ መርፌው ገብቶ የሚወጣው በአንድ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የውስጥ መድማት እንዳይኖር ለሰዓታት ይጠበቃል። የተገኘችው ጠብታ በስላይድ ላይ ተቀብታ፣ በጊምሳ ቀለም ተነክራ፣ ዘይት ተጨምሮባት በማይክሮስኮፕ ትታያለች። ብዛቱ ከአንድ እስከ ስድስት ፕላስ ይመዘናል፤ ስድስት ፕላስ ማለት በአንድ እይታ ከመቶ በላይ ተሕዋስ ሲቆጠር ነው። «የለም» ብሎ ለመጻፍ ግን ባለሙያው ስላይዱን ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰ አንድ ሺህ እይታ ማየት አለበት። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የሚቆጥረው ይህ ሰው ስሙ በታተመው ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የጥናቱ እውነተኛነት ግን በእሱ ትዕግሥት ላይ የቆመ ነው።

ሕክምናውም በምርምር እየተለወጠ መጥቷል። ቀድሞ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለው መድኃኒት ብቻውን ለ30 ቀናት በመርፌ ይሰጥ ነበር፤ መርፌው ያማል፣ ልብንና ቆሽትንም ሊጎዳ ይችላል። ከፓሮሞማይሲን ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ጊዜው ወደ 17 ቀናት ማጠር እንደሚችል በምሥራቅ አፍሪካ የተደረገ ጥናት ስላሳየ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ጥምሩን ተቀበለው። ቀጥሎ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በዩጋንዳ በተካሄደው ሙከራ ፓሮሞማይሲንን የሚዋጥ እንክብል ከሆነው ሚልቴፎሲን ጋር ለ14 ቀናት የወሰዱት ከመቶ 91 ያህሉ ድነዋል።

ከሁሉ የከበደው ግን ካላዛርና ኤች አይ ቪ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል፣ የዳነ የመሰለውም ሰው ደጋግሞ ይታመማል። በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደው ጥናት አምቢዞም የተባለውን መድኃኒት ከሚልቴፎሲን ጋር ማጣመር አምቢዞምን ብቻውን ከመስጠት እንደሚሻል አሳየ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ጥምር ሕክምናውን ተቀበለ። በሰሊጥ ማሳ የታመመ የቀን ሠራተኛ በጎንደር ዋርድ ተኝቶ የሰጠው ፈቃድ የዓለምን የሕክምና መመሪያ ቀይሯል ማለት ነው፤ ይህን ሳያነሡ ማለፍ ለእነዚያ ሕመምተኞች ውለታ መንፈግ ይሆናል።

የካላዛር ዘመድ የሆነው ቁንጭር ደግሞ የደጋ በሽታ ነው። ቆዳን፣ በተለይም ፊትን ያቆስላል፤ አይገድልም፤ ጠባሳው ግን በተለይ ለልጃገረዶች የዕድሜ ልክ ሸክም ይሆናል። የተሕዋሱ መጠለያ በገደል አፋፍ የሚኖረው ሽኮኮ መሆኑ ታውቋል። ለካላዛር የተሰጠው ያህል ትኩረት ግን አልተሰጠውም፤ የማይገድል በሽታ ገንዘብ አያገኝም።

ሌሎች ዘርፎች

በዳባት ወረዳ፣ ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን የሚመዘግብበት የምርምር ማእከል አለው። ሥራው ዝም ያለና አድካሚ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሞተው በቤቱ በመሆኑ የሞቱን ምክንያት የሚጽፍ ሐኪም የለም፤ ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢው ሐዘኑ ጋብ እስኪል ጠብቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያም ሳሉ ስንት ቀን ቆየ፣ ትኩሳቱ ከቁርጠቱ በፊት ነው የጀመረው ወይስ በኋላ እያለ በዝርዝር ይጠይቃል። እናትየው ቀኑን በቁጥር ካላስታወሰች «ከጥምቀት በፊት ነው? ጤፉ ሳይወቃ?» ተብሎ በበዓላትና በእርሻ ወራት ይሰላል። የተሞላውን ቅጽ ሐኪሞች ለየብቻ አንብበው ምክንያቱን ይወስናሉ። አገሪቱ በገጠር ሰው ከምን እንደሚሞት የምታውቀው እንዲህ ካሉ ጥቂት ቦታዎች ነው።

ከጎንደር የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት የስኳር በሽታን ይመለከታል። በሆስፒታሉ የሚታዩት ብዙዎቹ የገጠር ሕመምተኞች ወፍራምና ምቾት የለመዱ ሳይሆኑ ቀጫጭን፣ ድኻ፣ ወጣት ገበሬዎች ነበሩ፤ ኢንሱሊን ያስፈልጋቸዋል። ሐኪሞቹ በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል የሚለውን ሐሳብ በማስረጃ ሲያቀርቡ ቆይተው፣ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት ራሱን የቻለ አምስተኛ ዓይነት አድርጎ ተቀብሎታል። ከጥናቱ ጎን ለጎን የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ ተደርጓል፤ የቀን መንገድ ተጉዞ ለወር መድኃኒት መሰለፍ ለብዙዎች ሕክምናውን ከመተው የተለየ አልነበረም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊንን በሸክላ ዕቃ ውስጥ ማኖር የተለመደ ነው።

በላቦራቶሪው በኩል በጣና ዳር ልጆች ላይ የሚታየው ብልሃርዚያ፣ መድኃኒት የተላመደው ቲቢና ከቁስልና ከደም የሚገኙ ባክቴሪያዎች ለየትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚበገሩ የሚደረገው ፍተሻ በየጊዜው ይጠናል። የፋርማኮሎጂ ተመራማሪዎችም አባቶች ለወባና ለቁስል ይሰጧቸው የነበሩትን ዕፅዋት ጨምቀው በአይጥ ላይ ይሞክራሉ። ብዙዎቹ ጥሩ ውጤት ያሳያሉ፤ ነገር ግን ንጥረ ነገሩን ለይቶ፣ መርዛማነቱን መዝኖ ወደ ሰው የሚያደርስ አቅም ስለሌለ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ አይጧ ላይ ይቆማል። የኮሶ አገር በሆነ ቦታ ይህ ሊያንገበግብ ይገባል።

ፈቃድና ክትትል

ማንኛውም ጥናት ከመጀመሩ በፊት በሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ይታያል፤ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የብሔራዊ ተቆጣጣሪዎችም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለሕመምተኛው የሚነበበው ጽሑፍ በአማርኛ ይዘጋጃል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ከጥናቱ ውጭ የሆነ ምስክር ባለበት ተነቦለት አውራ ጣቱን ያሳርፋል። ችግሩ ከፊርማው በፊት ነው፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲጠይቀው «እርስዎ እንዳሉ» የሚል ሕመምተኛ በእርግጥ ፈቅዷል ወይስ አክብሮ ነው? ጥሩ ነርስ ወረቀቱን አስቀምጣ «እስቲ እርስዎ መልሰው ይንገሩኝ፣ ምን ሊደረግልዎ ነው?» ብላ ትጠይቃለች።

የካላዛር ሕመምተኛ ድኗል የሚባለው መድኃኒቱን ጨርሶ ስድስት ወር ከቆየ በኋላ ተመልሶ ሲታይ ነው። በዚያ ጊዜ ግን የሰሊጥ ወቅት ይደርሳል፤ የጸጥታ መደፍረስ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ሰውየው ከዋርድ ሲወጣ የራሱ ብቻ ሳይሆን የወንድሙ፣ የጎረቤቱና የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ስልክ ይመዘገባል። ቀኑ ሲቀርብ የክትትል ሠራተኛው በየተራ ይደውላል፤ የመመለሻ የመኪና ዋጋ እንደሚከፈለው ይነግረዋል፤ ካልተገኘም ወደ መተማ ለሚወርድ ሰው መልእክት ይልክበታል።