አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ወተት ይተው?

ደሴ ውስጥ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናቶችና አባቶች ደጋግመው ይጠይቃሉ፦ «አምሎዲፒን ካልሲየም ያግዳል ተባልን፤ ወተትና አይብ እንተው?» አይተዉ።

የደም ሥር ግድግዳ ጡንቻ አለው። በጡንቻው ሴሎች ላይ ካልሲየም የሚገባባቸው ጥቃቅን በሮች አሉ። ካልሲየም ሲገባ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሥሩ ይጠባል፣ ግፊት ይጨምራል። አምሎዲፒን የሚዘጋው እነዚህን በሮች ነው። ከአጥንት ካልሲየም አይወስድም። ፒያሳ ያሉ አንዲት እናት ክኒናቸውን በወተት ቢውጡ መድኃኒቱ አይከሽፍም። ጨው ግን ይቀንሱ፣ እሱ እውነተኛ ጠላት ነው።

ከሰው ሰው የሚለያየው የመድኃኒቱ መጠንና አንዳንዴ የሚያስከትለው የእግር እብጠት ነው። እግርዎ ካበጠ ለሐኪምዎ ይንገሩ እንጂ እባክዎ በራስዎ አያቋርጡ።