የትኩረት ችግር ላለባቸው ታዳጊዎች የሚሰጥ የአስተውሎት ሥልጠና

በብዙ አገር ማይንድፉልነስ በሚለው ስሙ የሚታወቀው የአስተውሎት ሥልጠና፣ ሠልጣኙ ትኩረቱን በያዘው ነገር ላይ እንዲያሳርፍና በአካሉም ሆነ በሐሳቡ የሚያልፈውን ደግ ነው ክፉ ነው ሳይል እንዲመለከት የሚያለማምድ ዘዴ ነው። መሠረቱ የቡድሂዝም ተመስጦ ቢሆንም፣ ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሃይማኖታዊ መልኩን ትቶ ለሕሙማን ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በሕክምና ተቋማት ተስፋፍቷል።

ኤዲኤችዲ ላለባቸው ታዳጊዎች የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው። ኤዲኤችዲ ትኩረት ማጣት፣ መቅበጥበጥና ሳያስቡ መቸኮል የሚታዩበት የአእምሮ እድገት ችግር እንጂ ስንፍና ወይም ጥጋብ አይደለም፤ ሆኖም ተረጋግቶ መቀመጥ የሚያቅተውን ልጅ ተቀምጠህ ትንፋሽህን ተከታተል ማለት ከንቱ ልፋት ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሊዲያ ዚሎውስካና ባልደረቦቿ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለ24 አዋቂዎችና ለ8 ታዳጊዎች የሰጡትን የ8 ሳምንት ሥልጠና ውጤት ሲያሳትሙ፣ አብዛኞቹ ሠልጣኞች እስከ መጨረሻው መዝለቃቸውንና ምልክቶቹ ቀንሰውልናል ማለታቸውን ገለጹ። ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ቢሆንም ሥልጠናው ሊሞከር እንደሚችል አሳይቷል።

ለልጆችና ለታዳጊዎች ከተዘጋጁት መካከል ሱዛን ቦግልስና ባልደረቦቿ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ያዳበሩት ማይማይንድ የተሰኘው ፕሮግራም በይበልጥ ይጠቀሳል። ልጆቹ ለ8 ሳምንታት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል በትንሽ ቡድን ይሰበሰባሉ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ወይም ወለል ወለሉን እያየ፣ አየሩ በአፍንጫው ሲገባና ሲወጣ ይከታተላል፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡ ወደ ኳሱ ወይም ወደ ስልኩ ይነጉዳል። አሠልጣኙ ግን አይቆጣውም፤ የልምምዱ ፍሬ ነገር ሐሳብ እንዳይሸሽ መከልከል ሳይሆን፣ መሸሹን ልጁ ራሱ ነቅቶበት ወደ ትንፋሹ መመለሱ ነውና። አንዲትን ዘቢብ እያገላበጡ አይቶና አሽትቶ ቀስ ብሎ ማኘክ፣ ከእግር ጣት እስከ ራስ የአካልን ስሜት ማዳመጥ፣ እርምጃን እያስተዋሉ መራመድም ከተለመዱት ልምምዶች ናቸው።

የፕሮግራሙ ትልቁ ብልሃት ወላጆችን ጎን ለጎን ማሠልጠኑ ነው። ኤዲኤችዲ በአብዛኛው በዘር ስለሚወረስ፣ ከወላጆቹ አንዳቸው ያው ችግር ያለባቸው መሆኑ ብዙም አያስደንቅም። ደብተሩን ለስንተኛ ጊዜ ረስቶ የመጣ ልጅ ፊት የቆመች እናት፣ ቁጣው ከአፏ ሳይወጣ በፊት ደረቷ ላይ ሲነሣ መለየትን ከተማረች፣ የምትናገረውን ለመምረጥ ጥቂት ጊዜ ታገኛለች።

ውጤቱን በተመለከተ ማስረጃው ለዘብ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ከ11 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን 10 ታዳጊዎች ተከታትሎ፣ መሻሻሉ ሥልጠናው ካለቀ ከ8 ሳምንት በኋላ ጎልቶ መታየቱን፣ በ16ኛው ሳምንት ግን መደብዘዙን አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ማይሪያድ የተባለ የብሪታንያ ጥናትም ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን አሳትፎ፣ ለሁሉም ተማሪ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ የአስተውሎት ትምህርት ከተለመደው የስሜትና የማኅበራዊ ክህሎት ትምህርት የተሻለ ሆኖ አላገኘውም፤ ይህ ግን በኤዲኤችዲ ላይ ያተኮረ አልነበረም።

ስለዚህ ሥልጠናው ለኤዲኤችዲ የሚታዘዙትን እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ መድኃኒቶችንም ሆነ የትምህርት ቤት ድጋፍን አይተካም፤ ሐኪም ያዘዘውንም በእርሱ ምክንያት ማቋረጥ አይገባም። ከባድ መከራ ያሳለፈ ልጅ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ሊያስጨንቀው ስለሚችል፣ ዓይኑን ገልጦ ወይም እየተራመደ እንዲለማመድ ይፈቀድለታል።