«የተኛ ነብር፣ የተሸሸገ ዘንዶ»፦ ትርጉሙና መነሻው

ቻይናውያን አንድን መንደር ወይም አንድን ትምህርት ቤት «ዎ ሁ ትሳንግ ሎንግ» ካሉት ትልቅ ሙገሳ ነው። ፍቺው «የተኛ ነብር፣ የተሸሸገ ዘንዶ» ሲሆን፣ ላይ ላዩን ጸጥ ያለው ስፍራ ውስጡ ችሎታቸውን ባልገለጡ ብርቱዎች የተሞላ ነው ለማለት ይነገራል። እኛ ዘንዶን ያየነው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ወድቆ ነው፤ በቻይና ግን ዝናብ ያመጣል የሚባል፣ የንጉሠ ነገሥት ምልክት የሆነ የተከበረ ፍጡር ነው።

መነሻው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ዩ ሺን ስንኝ እንደሆነ ይነገራል፤ ጥቁሩ ዓለት ነብር የሸሸገ፣ የተጠማዘዘው የዛፍ ሥር ደግሞ የተኛ ዘንዶ ይመስላል ብሎ ነበር። አባባሉ ውስጥ መኝታው ለነብሩ፣ መሸሸጉ ለዘንዶው ተዛወረ።

ከቻይና ውጭ ያስተዋወቀው የፊልም ዳይሬክተሩ አንግ ሊ ከዋንግ ዱሉ ልብ ወለድ ተነሥቶ የሠራው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣውና አራት ኦስካር ያገኘው በዚሁ ስም የሚጠራ ፊልም ነው። በፊልሙ የወጣቷ ባለ ሰይፍ ስም «ሎንግ»ን (ዘንዶ)፣ የፍቅረኛዋ ስም ደግሞ «ሁ»ን (ነብር) ይዟል፤ ብዙ ሰው ርእሱን በዚህ ይፈታዋል። እኔ ግን አባባሉን አብልጬ የማየው በሁለቱ አንጋፋ ተዋጊዎች፣ በወንዱ በሊ ሙ ባይና በሴቷ በሹ ሊየን ላይ ነው። የሞተው እጮኛዋ የእሱ የቃል ኪዳን ወንድም ስለነበር፣ ለሟቹ ክብር ሲሉ ፍቅራቸውን ሆድ ይፍጀው ብለው ዓመታት አሳልፈዋል። እሱ ቃሉን የሚያወጣው መርዝ ሊገድለው ሲቃረብ ነው።

አፍ የደበቀውን አካል ያወጣዋል። ዩን ዎ-ፒንግ በነደፈው የጣሪያ ላይ ማሳደድ፣ ወጣቷ ክብደት እንደሌላት ስትንሳፈፍ ሹ ሊየን እግሯን እየረገጠች ወደ መሬት ትመልሳታለች። አንዷ ማንም እንዲያዛት አትፈልግም፤ ሌላዋ ግዴታን ተሸክማ ኖራለች፤ ይህን ሁሉ ያለ አንድ ቃል ከድብድቡ እንረዳለን። በቀርከሃው ጫካ ደግሞ ሊ ሙ ባይ በሚወዛወዝ ጫፍ ላይ ቆሞ ብዙም አይሰነዝርም፤ እርጋታው ራሱ ኃይሉን ያሳያል። ተዋናዮቹን ያንሳፈፏቸው ገመዶች በኮምፒውተር ከምስሉ ጠፍተዋል፤ ውበቱ ግን ከገመዱ ይልቅ ከእንዲህ ያለው ቁጥብነት የመጣ ይመስለኛል።

አባባሉን መጠቀም ለሚፈልግ፦ አዘውትሮ የሚነገረው ስለ አንድ ግለሰብ ሳይሆን ስለ ቦታ ወይም ስለ ሰዎች ስብስብ ነው።