የቦል ፓይተን ቆዳ መለወጥ፦ ምልክቶቹ፣ አያያዙና የሚበላሽበት ምክንያት

ቦል ፓይተን በቤት ውስጥ ከሚያዙ እባቦች መካከል እጅግ ከተለመዱት አንዱ ነው። መርዝ የለውም፤ ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ ይጠቀለላል። የተፈጥሮ መኖሪያው ከሴኔጋል እስከ ደቡብ ሱዳንና ኡጋንዳ የሚዘልቀው የሣር ምድር ሲሆን፣ ቤኒን ውስጥ ዊዳ በተባለችው ከተማ የራሱ ቤተ መቅደስ ተሠርቶለት ይከበራል። ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ወንዱ አጠር ይላል። በደህና ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚገኘው ትልቁ የአፍሪካ ዘንዶም የቅርብ ዘመዱ ነው።

ይህ እባብ ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው። ውጭው በበጋ ደርቆ ቢሰነጣጠቅም ጉድጓዱ እርጥበት ይይዛል። በመስታወት ሳጥን ውስጥ በሚኖር ቦል ፓይተን ላይ የሚታየው አብዛኛው የቆዳ ችግርም ከዚሁ ይመነጫል፦ ሙቀቱ ይሟላለታል፣ እርጥቡ ጉድጓድ ግን ይቀርበታል።

ቆዳው የሚላቀቅበት መንገድ

የእባብ ቆዳ የላይኛው ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ንብርብር ስለሆነ ከሰውነት ጋር አያድግም፤ በየጊዜውም ያልቃል። ስለዚህ ከሥሩ ሌላ ሙሉ ሽፋን ይሠራል። አዲሱ ሲጠናቀቅ በሁለቱ መሃል ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ ይገባና ኢንዛይሞች አሮጌውን ከአዲሱ ያላቅቁታል። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው ብርሃን የሚያሳልፍ ቅርፊት የቆዳው አካል ስለሆነ ከቀረው ጋር አብሮ ይወልቃል።

ፈጣን እድገት ላይ ያለ ታዳጊ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ቆዳ ይለውጣል፤ አዋቂው ግን በወራት አንዴ ነው። ከእንቁላል የወጣ ጫጩት የመጀመሪያውን ቆዳ የሚጥለው ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ ውስጥ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ የሚቀበለውም ከዚያ በኋላ ነው። እንቁላል የያዘች እናት ደግሞ ከመጣሏ አንድ ወር ያህል አስቀድማ ቆዳ ትለውጣለች፤ አርቢዎች የእንቁላሉን ቀን የሚቆጥሩት ከዚህ ተነሥተው ነው። ቁስል ወይም ቃጠሎ ያለበት እባብ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ቢለውጥ አያስደንቅም፤ ቆዳው የሚድነው በዚያው መንገድ ነው።

ምልክቶቹ

ሂደቱ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጨረሻው ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። መጀመሪያ የሆዱ ቅርፊቶች ወደ ሮዝ ያደላሉ፣ የጀርባው ቀለምም አቧራ እንደለበሰ ይፈዛል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ዓይኑ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ይሆናል። ይህ ፈሳሹ በአሮጌውና በአዲሱ የዓይን ቅርፊት መካከል የገባበት ጊዜ ሲሆን እባቡ በደንብ አያይም። ከመጠለያው አይወጣም፣ እጅ ሲጠጋው ይተነፍስበታል፤ ለወትሮው ገራም የሆነው እንኳ ሊነድፍ ይችላል። ክፋት አይደለም፤ የመጣበትን ነገር መለየት አቅቶት ነው።

ከዚያ ዓይኑ ይጠራል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «አለቀ» ብሎ እባቡን ያወጣል፣ ምግብ ይሰጣል፣ እርጥበቱንም ያቆማል። እውነቱ ግን ፈሳሹ ወደ ሰውነት ተመለሰ እንጂ ቆዳው ገና አልወለቀም። የሚወልቀው ዓይኑ ከጠራ ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው፤ እርጥበት ይበልጥ የሚያስፈልገውም በእነዚህ ቀናት ነው።

ቀኑ ሲደርስ አፍንጫውንና ከንፈሩን በእንጨት ወይም በድንጋይ ያሻል። ቆዳው ከከንፈሩ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ እባቡም ወደፊት እየተሳበ ካልሲ እንደሚወልቅ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦት ይወጣል። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ሻካራ፣ ግን የማይቆርጥ ነገር መኖር አለበት፤ የዛፍ ቅርፊት ወይም ቅርንጫፍ ይበቃል።

እርጥበትና ሙቀት

በአዘቦት ቀን የአየሩ እርጥበት ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ ቆዳው መፍዘዝ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ደግሞ ከ70 እስከ 80 በመቶ ይሁን። የሳጥኑ ሞቃት ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ማሞቂያው ሙቀቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ (ቴርሞስታት) ይገዛ። የእርጥበት መለኪያው ዲጂታል ቢሆን ይመረጣል፤ መርፌ ያላቸው ርካሽ መለኪያዎች ብዙ ጊዜ ያሳስታሉ። መለኪያውም ከጣሪያው ሥር ሳይሆን እባቡ በሚተኛበት ከፍታ ይቀመጥ።

እርጥበቱን የሚያባርሩት የታወቁ ናቸው፦ ከላይ የሚበራ የሙቀት አምፖል፣ ክዳኑ ሁሉ ወንፊት የሆነ ሳጥን፣ የክረምት የቤት ማሞቂያና ኤር ኮንዲሽነር። የወንፊቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል በአሉሚኒየም ፎይል ወይም በፕላስቲክ መሸፈን ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ አምፖሉ ያለበት ቦታ ግን ክፍት ይተው።

ውኃ መርጨት ሁሉም የሚጀምርበት፣ ብዙም የማይጠቅም ዘዴ ነው። መስታወቱ ላይ ጠብታ ይታያል፣ መለኪያው ይወጣል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ተመልሶ ይወርዳል። መርጨት ሲደጋገም ደግሞ የወለሉ ላይኛ ክፍል ይረጥብና እባቡ በጭቃ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ የሆዱ ቅርፊቶች ቡናማ ሆነው ይቆስላሉ። የተሻለው መንገድ እንደ ኮኮናት ልጣጭ ፍርፋሪ ያለውን እርጥበት የሚይዝ ወለል ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር አንጥፎ ውኃውን በአራቱ ማዕዘን ማፍሰስ ነው፤ ሥሩ ይረጥባል፣ ላዩ ይደርቃል። ሴዳርና ጥድን የመሰሉ ሽታቸው የሚከነክን እንጨቶች ፍቅፋቂ ግን ለወለል አይሆንም፤ ዘይታቸው እባቡን ይጎዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው እርጥብ መጠለያ ነው። እባቡ ተጠቅልሎ የሚሞላው ክዳን ያለው የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ይፈለግ፤ በጎኑ ወፍራሙ የሰውነቱ ክፍል በሰፊው የሚያልፍበት ቀዳዳ ተከፍቶ ጠርዙ በአሸዋ ወረቀት ይለስልስ። ውስጡ ስፋግነም ሞስ የተባለው ውኃ የሚይዝ የረግረግ ተክል ወይም የወጥ ቤት ወረቀት ይደረግበት፤ ሲጨመቅ ውኃ የማያንጠባጥብ፣ ሲነካ ግን የሚያርስ ይሁን። በሞቃቱና በቀዝቃዛው ጎን መካከል ከተቀመጠ እባቡ ራሱ ያገኘዋል። ወረቀቱ በየ2 ቀኑ ካልተቀየረ ይሻግታል።

ምግብና እጅ

ዓይኑ ከደበዘዘ ጀምሮ ምግብ ማቆየት ነው። አብዛኞቹ አይበሉም፤ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ቢጾም ጤነኛ እባብ አይጎዳም። በሕይወት ያለ አይጥ በዚህ ጊዜ ማስገባት አደገኛ ነው፤ የማያየውን እባብ ነክሶ ሊያቆስለው ይችላል። ቆዳው ከወለቀ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ቢቀርብለት አብዛኛውን ጊዜ በጉጉት ይቀበላል። የመጠጥ ውኃ ግን በማንኛውም ቀን አይጓደልበት፤ ውኃ የጠማው እባብ በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መሃል በቂ ፈሳሽ ማስገባት ያቅተዋል።

እጅም ይታገሥ። አዲሱ ቆዳ ገና ለስላሳ ስለሆነ መያዝና መጎተት ይጎዳዋል፤ ሳጥኑን ለማጽዳት ካልሆነ በቀር አለመንካት ይሻላል።

ሳይወልቅ ሲቀር

ጥሩ አወላለቅ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ ባንድ ቁራጭ ነው። በጥቃቅን ቁራጭ ከወለቀ ወይም ገላው ላይ ከቀረ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የእርጥበት ማነስ ነው። ከዚያ የውኃ ጥም፣ ጠባሳ፣ በሽታና መዥገር መሳይ ጥቃቅን ተባዮች ይከተላሉ። እነዚህ ተባዮች በዓይንና በአገጭ ዙሪያ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያሉ፤ ሰምጠው በውኃ ዕቃው ውስጥም ይገኛሉ። እባቡ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከዋለ እነሱን መፈለግ ነው።

የቀረ ቆዳ ሲታይ መላጥ አይደለም ሥራው። እርጥበቱን 80 በመቶ አድርጎ አንድ ቀን መጠበቅ፤ ካልወለቀ አየር ማስገቢያ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ አንጥፎ እባቡን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ማቆየት። ሳጥኑ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን፣ ሰውም ከአጠገቡ አይራቅ። ከዚያ በእርጥብ ፎጣ ላላ አድርጎ ይዞ እባቡ በገዛ ጉልበቱ በመሃሉ እንዲሳብ መተው። በዘይት መቀባት ጥቅም የለውም።

የጅራት ጫፍ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በላዩ የቀረ ቀለበት በየዙሩ እየተደረበ ይጠብቅና ደም ይከለክላል፤ ጫፉ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቆረጣል። ስለዚህ በየጊዜው በእርጥብ ጥጥ እየታሸ ይታይ።

ዓይን ላይ የቀረ ቅርፊት በጣትም በወረንጦም አይነካ፤ አብሮት የሚነሣው አዲሱ ቅርፊት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ዓይኑ ይጠፋል። የሚቀጥለው ዙር ድረስ እርጥበት ጨምሮ መጠበቅ ነው፤ በዚያም ካልወለቀ የእባብ ልምድ ወዳለው የእንስሳት ሐኪም መውሰድ። ዓይን ላይ የታየ ስርጉድ ሁሉ ግን የቀረ ቅርፊት አይደለም፤ ውኃ የጠማው እባብ ዓይንም እንዲሁ ይሰረጉዳል። ለማረጋገጥ የወለቀውን ቆዳ የራስ ክፍል በብርሃን ፊት ዘርግቶ ማየት ነው፤ በዓይን ቦታ ሁለት ክብ ብልጭ የሚሉ ሽፋኖች ካሉ ወልቋል፣ ቀዳዳ ከሆነ ቀርቷል።

ገለፈቱ እንደወለቀ እርጥብ ስለሆነ ወዲያው ከተዘረጋ ሳይቀደድ ይታያል። በቅርፊቶቹ መሃል የታጠፈው ቆዳ ስለሚዘረጋ ከእባቡ ቢረዝም ስህተት የለበትም። አርቢዎች አድርቀው በወረቀት ፖስታ ወደ ላቦራቶሪ ይልኩታል፤ ከሱ በሚወሰደው ዲኤንኤ የእባቡን ጾታና የቀለም ውርሱን መለየት ይቻላል። እባቡንም ሆነ ገለፈቱን የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም እንዳይነኩት ይከልከሉ።