ማድሌን ቪዮኔ፣ የሰያፍ ቅድ እመቤት

ማድሌን ቪዮኔ (ጁን 22፣ 1876 – ማርች 2፣ 1975) ፈረንሳዊት ልብስ ሰፊና ዲዛይነር ነበረች። ጨርቅን በሰያፍ ቀድዶ ሙሉ ቀሚስ መሥራትን ለዓለም ያስተማረችው እሷ ናት። የራሷን የፋሽን ቤት በፓሪስ በ1912 ከፍታ እስከ 1939 መርታለች። ሻኔልን ሽቶ የሚቀባ ሁሉ ያውቃታል። ቪዮኔን የሚያውቃት ግን በአብዛኛው መቀስ የያዘ ሰው ነው። ይህ ዳሰሳ ያንን ክፍተት በመጠኑ ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ለንደን

የተወለደችው ከፓሪስ በስተደቡብ በሎዋሬ አውራጃ፣ ሺየር-ኦ-ቧ በምትባል መንደር ነው። እናቷ ቤቱን ጥላ ስትሄድ ማድሌን ገና ሕፃን ነበረች። ያሳደጋት አባቷ ነው፤ ኑሯቸውም በፓሪስ ጥግ ባለችው በኦበርቪሊዬ ሆነ። ትምህርት ይሆንላት ነበር፤ አስተማሪ የመሆን ሐሳብም ነበራት። ግን በ12 ዓመቷ ገደማ ሙያ እንድትለምድ ለአንዲት የሰፈር ልብስ ሰፊ ተሰጠች።

በ18 ዓመቷ አገባች። የወለደቻት ልጅ በሕፃንነቷ ሞተች። ትዳሩም ብዙ አልቆየም። ጓዟን ጠቅልላ ወደ ለንደን ተሻገረች።

ለንደን መጀመሪያ በሆስፒታል ልብስ ትሰፋ ነበር። ቀጥሎ ኬት ራይሊ በምትባል ታዋቂ ልብስ ሰፊ ቤት ገባች። ያ ቤት ከፓሪስ የሚመጡ የልብስ ሞዴሎችን እያስመሰለ ለእንግሊዝ ወይዛዝርት ይሰፋ ነበር። ኋላ የአስመሳዮች ዋና ጠላት የሆነችው ሴት እጇን ያፍታታችው በማስመሰል ሥራ ላይ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል።

ካሎ እና ዱሴ

በ1900 ገደማ ወደ ፓሪስ ተመልሳ የካሎ እህትማማቾች ቤት ተቀጠረች። የቤቱ ጭንቅላት ታላቋ እህት ማሪ ካሎ ዤርቤ ነበረች። ማሪ ወረቀት ላይ ከመሳል ይልቅ ጨርቁን በቀጥታ ሰው ላይ እየጣለች፣ እያጠፈች ትሠራለች። ቪዮኔ ደግሞ ከአጠገቧ ሆና ያንን ወደ ቅድ ትለውጣለች። በዕድሜ ዘመኗ ሁሉ ይህችን ሴት እንደ አስተማሪዋ ስታመሰግናት ኖራለች። ካሎዎች ባይኖሩ ኖሮ ፎርድ ስሠራ እቀር ነበር፣ ሮልስ ሮይስ መሥራት የቻልኩት በእነሱ ነው ማለቷ ይታወቃል።

በ1907 ዣክ ዱሴ የሚባለው ስመ ጥር ቤት ወሰዳት። ሥራዋ ያረጀውን ቤት ወጣት ማድረግ ነበር። እሷም አደረገችው፤ ምናልባት ባለቤቱ ከጠበቀው በላይ። ልብስ የሚያሳዩትን ሴቶች ኮርሴት የሚባለውን ወገብና ደረት አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ልብስ አስወለቀቻቸው፣ ጫማቸውንም አስወለቀችና በባዶ እግራቸው አሳየቻቸው። የቤቱ የቆዩ ሻጮች ልብሶቹን ለደንበኛ ለማሳየት አሻፈረን አሉ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ኮርሴትን መጀመሪያ ያስወለቀ ማን ነው? የፓሪሱ ዲዛይነር ፖል ፖዋሬ እኔ ነኝ ብሏል። ሥራዎቹም በተመሳሳይ ዓመታት የወጡ ናቸው፤ ስለዚህ ዝም ብሎ የሚጣል አባባል አይደለም። ሆኖም ፖዋሬ ራሱ ደረትን ነፃ አውጥቼ እግርን አሰርኩ ያለ ሰው ነው። በ1910 ገደማ ያወጣው ጉርድ ጉልበት ላይ ስለሚጠብብ ሴቶች እንደ ታሰረ ፍየል ነበር የሚራመዱበት። ከቪዮኔ ልብስ ውስጥ እግር የሚያስር አንድም የለም። ፖዋሬ ጮክ ብሎ ተናገረ፣ ቪዮኔ ሰፋች።

የራሷ ቤት

በ1912 በሪቮሊ ጎዳና ቁጥር 222 የራሷን በር ከፈተች። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ጦርነት መጣ፤ ቤቱ ተዘጋና ሮም ሄደች። ጦርነቱ ሲያበቃ ተመለሰች። እውነተኛው የቪዮኔ ዘመን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በ1919 የቤቱን አርማ የሠራላት ታያት በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው የፍሎረንሱ አርቲስት ኤርኔስቶ ሚካሄሌስ ነው። አርማው በአምድ ላይ ቆማ ቀሚሷን ከትከሻዋ በላይ ወደ ላይ የያዘች ሴት ናት። ከርዕሳችን ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ይኸው ሰው ከወንድሙ ጋር ሆኖ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ የሥራ ልብስ ነድፏል። በ1920 ቅዱ በጋዜጣ ታትሞ ወጣ፤ ስሙን ቱታ አሉት። ዛሬ እኛ ለስፖርትም ለጋራዥም የምንለብሰው ቱታ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጣሊያንኛው ቃል ነው።

ሰያፍ ማለት ምን ማለት ነው

ይህን በቃል ከማስረዳት መሃረብ ማውጣት ይቀላል። አራት ማዕዘን መሃረብ ያዙ። ድሩ ከላይ ወደ ታች፣ ማጉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሁለቱን ጎኖች ይዛችሁ ብትስቡት ንቅንቅ አይልም። አሁን ደግሞ ሁለቱን ተቃራኒ ማዕዘኖች ይዛችሁ ሳቡት። ይለጠጣል፣ መሐሉ ይጠብባል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ያ ነው ሰያፍ። ከድሩም ከማጉም 45 ዲግሪ ዘወር ያለ መስመር ማለት ነው። ጨርቁ ላስቲክ ሳይኖረው የላስቲክ ጠባይ ያመጣል።

ሰያፍን የፈጠረችው ቪዮኔ ናት የሚሉ አሉ፤ ይህ ልክ አይደለም። ከእሷ በፊትም ሰፊዎች ለኮሌታ፣ ለጠርዝ፣ ለጉርድ ይጠቀሙበት ነበር። እሷ ያደረገችው ሙሉ ቀሚሱን፣ ከትከሻ እስከ ታች፣ በሰያፍ ማስቀመጥ ነው። ቀሚሱ ያለ ኮርሴት፣ ብዙ ጊዜም ያለ ቁልፍ፣ በራስ ላይ ይጠለቅና ሰውነቱን ራሱ ፈልጎ ይይዛል። ሴት ፈገግ ስትል ቀሚሷም አብሯት ፈገግ ማለት አለበት የሚለው ዝነኛ አባባሏ የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

አሠራሯም እንደ ሌላው አልነበረም። አትስልም። 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች የእንጨት አሻንጉሊት በፒያኖ ወንበር ላይ ታቆማለች። ወንበሩ ስለሚሽከረከር አሻንጉሊቷን በፈለገችው ጎን ታዞራታለች። ከዚያ በቁራጭ ጨርቅና በስፒል ትጀምራለች። ትጥላለች፣ ታጥፋለች፣ ትቆርጣለች፣ ታፈርሳለች። ሐሳቡ ሲጠናቀቅ የስፌት ክፍሉ ወደ ሰው ልክ ያሳድገዋል። ፈጠራው ያለው ጣት ላይ ነው፤ እርሳስ ላይ አይደለም።

ለምሳሌ በ1919 እና 1920 ገደማ የወጣውን የመሃረብ ቀሚስ እንይ። አራት ማዕዘን የሆኑ አራት ጨርቆች ናቸው፤ ሁለቱ ፊት፣ ሁለቱ ኋላ። ጎናቸው ሳይሆን ማዕዘናቸው ወደ ላይ ሆኖ ይንጠለጠላሉ። በዚህች ዘዴ ብቻ ጨርቁ በሙሉ ሰያፍ ይሆናል፤ የቀሚሱ ጫፍም አራት ሹል ሆኖ ይወርዳል። መቀሱ የሚያልፍበት ቦታ በጣም ጥቂት ነው። የሙያ ሰው ሲያየው አፉን ይዞ ይቀራል።

አስቸጋሪው ነገር ጨርቅ ነበር። በሰያፍ ለመቅደድ በጣም ሰፊ ጨርቅ ያስፈልጋል። የሊዮኑ ቢያንኪኒ-ፌሪዬ ፋብሪካ ከተለመደው በእጅጉ የሚሰፋ፣ ወርዱ 2 ሜትር የሚደርስ ክሬፕ የሚባል ጨርቅ ሸመነላት። ጥልፉም የራሱ ጣጣ አለው። በሰያፍ በተቀደደ ጨርቅ ላይ ዶቃ ሲበዛ ጨርቁ ይደርቃል፣ መለጠጡን ያጣል። ጠላፊዎቹ የድሩን አቅጣጫ ተከትለው እንዲሠሩ በማድረግ ይህን አለፉት። በ1920ዎቹ የወጣው ከጥንታዊ የግሪክ ሸክላ የተቀዱ ትናንሽ ፈረሶች ያሉበት ቀሚስ ለዚህ ማስረጃ ነው።

አንድ የግል ገጠመኝ ይፈቀድልኝ። ስፌት ስለምድ ሳቲን በሰያፍ ቀድጄ በዚያው ቀን ጫፉን አጥፌ ሰፋሁት። በማግስቱ ከመስቀያው ሳወርደው በአንድ ጎን አራት ጣት ረዝሟል። ሰያፍ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ይሰቀላል፣ እስኪወርድ ይጠበቃል፣ ጫፉ የሚስተካከለው ከዚያ ነው። የቪዮኔን ሥራ ማድነቅ የጀመርኩት የዚያን ቀን ነው፤ ሳቲኑ ግን መጥረጊያ ሆነ።

ሞንቴኝ ጎዳና ቁጥር 50

በ1923 ቤቱ ወደ ሞንቴኝ ጎዳና ተዛወረ። ገንዘቡን ካቀረቡት አንዱ ጋለሪ ላፋየት ከሚባለው የፓሪስ ትልቅ መደብር መሥራቾች አንዱ የሆነው ቴዎፊል ባዴ ነው። ውስጡን ያስጌጠው ዦርዥ ደ ፌር ነበር፤ የስመ ጥሩው የመስታወት ባለሙያ የላሊክ መስታወትም ገብቶበታል። ሰዉ የፋሽን ቤተ መቅደስ አለው።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ግን ደንበኛ የሚገባበት ፎቅ አይደለም። ሰፊዎቹ ያሉበት ነው። በደራበት ጊዜ 1,200 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ቪዮኔ በልጅነቷ ጀርባ በሌለው በርጩማ ላይ ጎብጣ ስትሰፋ ያደገች ናት። በራሷ ቤት ለሁሉም መደገፊያ ያለው ወንበር ሰጠች። የመመገቢያ አዳራሽ ነበር። ሐኪምና የጥርስ ሐኪም ነበሩ። የሕፃናት ማቆያ ነበር። ለወለደች ሴት ፈቃድ ትሰጥ ነበር። የዓመት እረፍት ከነደመወዙ ትሰጥ ነበር፤ የፈረንሳይ ሕግ ይህን ለሠራተኛ ሁሉ የደነገገው በ1936 ነው። በጎ አድራጎት ነው የሚሉ አሉ። መርፌ ይዞ ያደገ ሰው ግን ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ወገቡ የሚያመው ሰፊ ቀጥ ያለ ስፌት አይሰፋም።

በ1920ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክ አምስተኛ ጎዳናና በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ከተማ በቢያሪትዝም ሱቅ ከፈተች። በኒው ዮርኩ ጫፋቸው ያልታጠፈ ልብሶች ይሸጡ ነበር፤ ጫፉ የሚስተካከለው በገዢዋ ቁመት ነው።

አንድ ቅሬታ ከደንበኞች ይሰማ ነበር ይባላል። ቀሚሱ መስቀያ ላይ ሲታይ የተጨማደደ ጨርቅ ይመስላል፤ አንገቱ የት እንደሆነ፣ ክንዱ የት እንደሚገባ አይታወቅም። አንዳንዶቹ ቤታቸው ከገቡ በኋላ እንዴት እንደሚለበስ ተመልሰው ይጠይቁ ነበር።

ከአስመሳዮች ጋር

የፓሪስ የልብስ ሞዴል ከወጣ ሳምንት ሳይሞላው ተቀድቶ ይሸጥ ነበር። ሻኔል ይህን እንደ ምስጋና ትቆጥረው ነበር። ቪዮኔ ግን ሌብነት ነው አለች። ከ1919 ጀምሮ እያንዳንዱን የልብስ ሞዴል ባለ ሦስት ገጽ መስታወት ፊት አቁማ ፎቶ ታስነሳለች፤ በአንድ ፎቶ ፊቱም፣ ጎኑም፣ ጀርባውም ይታያል። ፎቶዎቹ በአልበም ተጠርዘው ለማስረጃ ይቀመጣሉ። በልብሱ ላይ የሚሰፋው ምልክት ደግሞ ፊርማዋንና የአውራ ጣቷን አሻራ ይይዛል። ፊርማ ይቀዳል፣ አሻራ ግን ያስቸግራል። በ1923 ሌሎችን አስተባብራ የኪነ ጥበብና የዲዛይን መብት የሚያስከብር ማኅበር ስታቋቁም ግንባር ቀደም ነበረች፤ ፍርድ ቤትም ሄዳለች።

ቅዱን ግን ማንም ሊያስቆመው አልቻለም። በ1930ዎቹ እነ ጂን ሃርሎ በሆሊውድ የለበሱት ነጭ ሳቲን የተሰፋው በሌሎች እጅ ነው፤ ጥበቡ ግን የእሷ ነው።

ከ1939 በኋላ

በ1939 በ63 ዓመቷ፣ ሌላ ጦርነት ሲጀምር፣ ቤቱን ዘጋች። ከቤቱ ከወጡት መካከል ዣክ ግሪፍ የራሱን ቤት ከፈተ፤ ሁለት ሴት ሠራተኞቿም ማድ ካርፓንቲዬ የሚባለውን ቤት መሠረቱ። እሷ 36 ዓመት በጡረታ ኖራ በ98 ዓመቷ በፓሪስ ዐረፈች። ስሟን የያዘ ኩባንያ በ2000ዎቹ እንደገና ልብስ ማውጣት ጀምሮ ነበር።

በ1952 ያላትን ለአገሯ የልብስ ታሪክ ማኅበር አስረከበች፦ 122 ቀሚሶች፣ 750 ቅዶች፣ 75 አልበሞች። ያን ጊዜ ልብስን ለሙዚየም መስጠት ገና ያልተለመደ ነገር ነበር። አስመሳይ ለመክሰስ የተነሱት ፎቶዎች ዛሬ ስለ እሷ ያለን ምርጥ መዝገብ ሆነዋል። ስብስቡ አሁን በፓሪስ የጌጣጌጥ ጥበባት ሙዚየም ይገኛል፤ ከ2009 እስከ 2010 መጀመሪያ ድረስ ለእሷ ብቻ የተሰናዳ ትልቅ ትርኢት እዚያው ታይቷል።

ከስብስቡ አንዱ በዝሆን ጥርስ ቀለም የተሠራ የምሽት ቀሚስ ነው። ትውልደ ቱኒዚያዊው ዲዛይነር አዘዲን አላያ እንዴት እንደተቀደደ ለማወቅ አንድ ወር ያህል እንደፈጀበት ይነገራል።