የራስን ሙዚቃ ለፊልምና ለቴሌቪዥን ፈቃድ ማዘጋጀት

ከምስል ጋር የሚቀርብ የተቀዳ ዘፈን ሁለት ፈቃድ ይፈልጋል። አንዱ የድርሰቱ ነው፤ የዜማና የግጥም ደራሲዎቹ ወይም አሳታሚያቸው ይሰጡታል። ሌላው የተቀዳው ድምፅ፣ በሙያው ቋንቋ የማስተሩ ነው፤ ይህን የሚሰጠው የቅጂው ባለቤት ነው። ሁለቱም በአንድ እጅ ሲሆኑ ጉዳዩ በአንድ ፊርማ ያልቃል፤ ለፊልም ሙዚቃ የሚመርጡ ባለሙያዎችም እንዲህ ያለውን ሥራ ያስቀድማሉ። የአርትዖት ቀነ ገደብ ስለማይጠብቃቸው፣ ባለመብቱ በቶሎ የማይገኝ ዘፈን የቱንም ያህል ቢያምር ይታለፋል።

ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። ቀረጻው እንዳለቀ፣ ገንዘብ ሳይመጣ፣ የድርሻ ስምምነት ይፈረማል፦ የእያንዳንዱ ተሳታፊ ሕጋዊ ስም፣ የሠራው ሥራ፣ ድርሻው በመቶኛ፣ የተመዘገበበት የሮያሊቲ (ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ለባለመብቱ የሚከፈል ገንዘብ) ሰብሳቢ ማኅበር። ድምሩ ልክ 100 መሆን አለበት። ጠብ የሚበዛው በአቀናባሪው ዙሪያ ነው፤ ከድርሰቱ ይካፈላል፣ ከማስተሩ ይካፈላል ወይስ የአንድ ጊዜ ክፍያ ብቻ ነው የሚያገኘው? ይህ በግልጽ ይጻፍ። በክፍያ የተጫወተው ጊታሪስትና አጃቢ ድምፃዊቷም በቅጂው ላይ ያላቸውን መብት ማስተላለፋቸውን በፊርማ ያረጋግጣሉ።

ከሌላ ሰው ቅጂ የተወሰደ ሳምፕል፣ አጭርም ቢሆን፣ ካልተፈቀደ ዘፈኑን ከገበያው ያስወጣዋል። የተገዛ ሉፕ (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ እየተደጋገመ የሚጫወት አጭር የሙዚቃ ቅንጭብ) ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ያንኑ ሉፕ የተጠቀመ ሌላ ሙዚቀኛ ዘፈኑን በዩቲዩብ የይዘት መለያ ሥርዓት ካስመዘገበ፣ የፊልሙ ቅንጫቢ በዚያ ሰው ስም ሊያዝ ይችላል። ዋናውን የዜማ ሐረግ በሉፕ አለመሥራት ይሻላል።

የድምፅ ፋይሉ ስቴሪዮ ዌቭ (WAV)፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ይሁን፤ የቪዲዮ ሥራ የሚሄደው በ48 ነው። ከሙሉ ዘፈኑ ጋር ድምፃዊ የሌለበት መሣሪያ ብቻ ቅጂ፣ ስድብና ነውር ቃል የወጣለት ቅጂ፣ እንዲሁም የ60፣ የ30 እና የ15 ሰከንድ ቅጂዎች ይዘጋጃሉ። ከሁሉም አስፈላጊው መሣሪያ ብቻው ነው፤ የዘፈን ግጥም ከተዋናይ ንግግር ጋር ይጋጫልና። እነዚህ ሁሉ ሚክሱ (የሁሉም ድምፆች ውህደት) በተጠናቀቀበት ጊዜ ይውጡ። ከዓመታት በኋላ ፕሮጀክቱ ሲከፈት ፕለጊኑ (በቀረጻው ሶፍትዌር ላይ የሚጨመረው የድምፅ ፕሮግራም) ጠፍቶ ወይም ተቀይሮ ይገኛል፤ ያው ድምፅም አይመለስም።

ስቴሞች፣ ማለትም ከበሮው፣ ቤዙ፣ ኪቦርዱ፣ ድምፁ ለየብቻ የወጡባቸው ፋይሎች፣ ብዙ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሁሉም ከአንድ መነሻ ይጀምሩ፤ ርዝመታቸውም እኩል ይሁን፤ ሪቨርቡ (የማስተጋባት ድምፁ) ከተጨመረበት መሣሪያ ወይም ድምፅ ጋር በአንድ ፋይል ይሂድ። አንድ ላይ ሲደመሩ ሚክሱን መስጠት አለባቸው። ብዙውን ጊዜ የማይሰጡት ሁሉም ድምፅ በመጨረሻ በሚያልፍበት ማስተር ቻናል ላይ ባለው ኮምፕሬሰር (የጎላውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ምክንያት ነው፤ ለድምሩ የሚሰጠው ምላሽና ለከበሮው ብቻ የሚሰጠው ምላሽ ይለያያል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ስቴሞቹን ደምሮ ሚክሱን በተገለበጠ ፖላሪቲ (የድምፅ ሞገዱን ላይ ታች ገልብጦ) አብሮ ማጫወት። ከሞላ ጎደል ጸጥታ ከሆነ ተሳክቷል።

ድምፁን በሊሚተር (ድምፅ ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ የሚገታ መሣሪያ) አጭቆ ማስጮህ እዚህ አይጠቅምም። የቴሌቪዥን ስርጭት በአውሮፓው መመዘኛ −23፣ በአሜሪካው −24 LUFS (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ላይ ስለሚስተካከል፣ የታጨቀው ሙዚቃ ዝቅ ተደርጎ ሕይወቱን ያጣ ሆኖ ይቀራል። አጨራረሱም እየደበዘዘ ከሚጠፋ በግልጽ ምት ይዝጋ። ማደብዘዙን አርታኢው ራሱ ይሠራዋል፤ የሌለ መዝጊያ ግን ሊፈጥር አይችልም።

በዌቭ ፋይል ውስጥ የተጻፈ መረጃ በየፕሮግራሙ ስለማይነበብ፣ ለማዳመጥ የሚላከው 320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ይሁን። የዘፈኑና የአርቲስቱ ስም፣ ባለ 12 ፊደልና ቁጥሩ አይኤስአርሲ (የቅጂው ዓለም አቀፍ መለያ)፣ የባለመብቶቹ ድርሻ፣ ስልክና ኢሜይል እዚያው ይሙላ።

የፈቃድ ውሉ ላይ የሚታየው ለየትኛው ሚዲያ፣ ለየትኛው አገር፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነና ሙዚቃው ለሌላ እንዳይሰጥ የሚከለክል መሆን አለመሆኑ ነው። ከቅድሚያ ክፍያው ሌላ ቴሌቪዥን ሲያሰራጨው የክወና ሮያሊቲ (ድርሰቱ ለሕዝብ ሲቀርብ የሚከፈል) ይመጣል፤ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ግን ለፊልም ሙዚቃ ይህን አይከፍሉም። ሮያሊቲው የሚከፋፈለው ፕሮዲውሰሩ በሚያስገባው ኪው ሺት፣ ማለትም በፊልሙ ወይም በፕሮግራሙ የገባውን ሙዚቃ በሚዘረዝር ሰነድ፣ መሠረት ነው፤ በዚያ የተጻፈው ርዕስና የደራሲ ስም በማኅበሩ ከተመዘገበው ጋር ካልገጠመ ገንዘቡ ባለቤቱን ሳያገኝ ይቀመጣል። ስርጭቱ እንደተጀመረ የኪው ሺቱን ቅጂ ጠይቆ ከምዝገባው ጋር ማመሳከር የሙዚቀኛው ድርሻ ነው።