«ዕድሜ ልክ» የተባለው የካምቢዮ ዘይት መቼ ይቀየራል?

አንዳንድ አምራቾች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት «ለዕድሜ ልክ» የተሞላ ስለሆነ መቀየር አያስፈልገውም ይላሉ። ግን የማን ዕድሜ? ቃሉ መኪናው በመደበኛ ሁኔታ እንደሚነዳ አስቦ የተሰጠ ነው። ለቢኤምደብልዩ ካምቢዮ የሚያቀርበው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ራሱ፣ እንደ አነዳዱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ፣ ቢዘገይ በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። እኔ የማምነው ካምቢዮውን የሠራውን ነው።

ዘይቱን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀት ነው። ዳገት ከነጭነት መውጣት፣ ተጎታች መሳብ፣ በመጨናነቅ ውስጥ ሰዓታት መንፏቀቅ፤ የመኪና መመሪያዎች «ከባድ አጠቃቀም» የሚሉት ይህንን ነው። ከመገናኛ ፒያሳ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው መኪናውን አልጎዳሁትም ብሎ ቢያስብም ከዚሁ ይመደባል፤ ስለዚህ ዝቅተኛውን ኪሎ ሜትር ይያዝ።

የዘይቱ መጥቆር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የተቃጠለ ሽታ ወይም ማርሽ ሲቀየር የሚሰማ መንገጫገጭ ካለ ግን ኪሎ ሜትር ሳይጠብቁ ማስመርመር ነው። ሲቪቲ (ቋሚ ማርሾች የሌሉት አውቶማቲክ) ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው፤ ባለሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ቢልም በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ዓይነት ውጪ አይግዙ።